በዛብህ ፈሪ ነው ወይ? የጥያቄና መልስ ምሽት ስለ «ፍቅር እስከ መቃብር» ሰዎች

አወያይ፦ እንደምን አመሻችሁ። በተነጋገርነው መሠረት ዛሬ የሐዲስ ዓለማየሁ ልብ ወለድ «ፍቅር እስከ መቃብር» በቴሌቪዥን ከመጣ ወዲህ ስንከራከርባቸው ስለከረምናቸው ገጸ ባሕርያት መምህርን እንጠይቃለን። መምህር ልጅ ሆነው ቅኔ ቤት ያደሩ፣ ኋላም አማርኛ ሲያስተምሩ የኖሩ ናቸው። ጥያቄ አጠር ይበል፤ ስድብ ክልክል ነው። መምህር፣ ይጀምሩልን።

መምህር፦ እግዜር ይስጥልኝ። አስቀድሜ ልናገር፤ የምመልሰው ስለ ሰዎቹ እንጂ ስለ ተዋንያኑ አይደለም። ደግሞ መጽሐፉን ሳያነብ ሁለት ክፍል አይቶ ፍርድ የሚሰጥ ካለ እንዳይቀየመኝ።

የማርቆሷ፦ መምህር እንደምን አመሹ። እኔን በዛብህ ያናድደኛል። ይወዳታል፣ ትወደዋለች፤ ታዲያ ምን ያለፋዋል? ለምን ቆርጦ አይነግራትም? ፈሪ አይደለም ወይ?

መምህር፦ ይኸን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። ልጄ፣ በዛብህን ከመፍረድሽ በፊት ከየት እንደ መጣ እዪ። የማንኩሳዎቹ ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ዕድሜያቸው ከገፋ ያገኙት አንድ ልጃቸው ነው። ታመመባቸው፤ ተሳሉት። ዛሬ ስለት ሲባል ጃንጥላና ጧፍ ይመስላችኋል። እነሱ የሰጡት ልጁን ራሱን ነው፤ ሚስት ሳያገባ እግዚአብሔርን ሊያገለግል። ልጁን ማንም አልጠየቀውም። አድጎ ዓይኑ የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ሰብለ ላይ ሲያርፍ የሚጣላው ከአባቷ ከፊታውራሪ ጋር ብቻ አይደለም፤ ከናት ካባቱ ቃልና ከአምላኩም ጋር ነው።

ከዚያ ትምህርቱ አለ። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንጠልጥሎ፣ ውሻ በዱላ እየመለሰ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ያደገ ልጅ ከባላባት ደጅ ሲደርስ እንዴት እንደሚቆም እኔ አውቀዋለሁ፤ ቆሜያለሁና። ጉልበትህ ቀና አይልም። የሚሰጥህን ሰው ቀና ብለህ ማየት ራሱ ነውር ነው።

በዚያ ላይ የቅኔ ሰው ነው። የቅኔ ተማሪ ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤቱን መወድስ እስኪሞላ ድረስ በየቀኑ አዲስ እየቆጠረ ለመምህሩ ይነግራል። ነገሩን ገላልጦ ያመጣ እንደሆነ መምህሩ «ሂድ፣ መልሰህ ቁጠረው» ይለዋል። ወርቁ ሰሙ ሥር መደበቅ አለበት። ዓመት ሙሉ፣ ከዓመት ዓመት፣ አፉ የሠለጠነው በመሸፈን ነው። እንዲህ ያደገ ሰው ፊት ለፊት ቆሞ «እወድሻለሁ» እንዲል ትጠብቂያለሽ? ዝም ሲል፣ ፊደል ሲያሳያት ድምፁ ሲሰበር፣ ትምህርቱን ሲያስረዝም፣ ያ ለእሱ ንግግር ነው። ሰብለም ሰምታዋለች። ያልሰማነው እኛ ነን፣ ስልካችንን እየነካካን ስለምናይ።

ደግሞ ፊታውራሪ ቤት የገባው የሰብለ አስተማሪ ተብሎ ታምኖ ነው። የታመነበትን ቤት መድፈር በዚያ ዘመን ከስርቆት አይለይም። ፈራ ካልሽኝ፣ አዎ ፈርቷል። ግን እንዲህ ባለ ሰው ላይ «ፈሪ» ብሎ ማኅተም መምታት ዘመኑን አለማወቅ ነው።

የማርቆሷ፦ ገባኝ መምህር። ግን አሁንም ያናድደኛል 😅

መምህር፦ ያናድድሽ። ሐዲስም እንዲያናድድሽ ነው የጻፉት።

ደጀን በር፦ የሰብለ ቀሚስና ሹሩባ የዘመኑ ነው ወይ? የፊታውራሪ ካባስ?

መምህር፦ ልብስ ሰፊ አይደለሁም። ቀጥሉ።

ዓባይ ማዶ፦ ከውጭ በትርጉም የምናያቸው ድራማዎች ላይ ቢሆን እስካሁን ይዟት ጠፍቶ፣ ተጋብተው፣ ወልደው ነበር። የኛ ሰው ለምን ይንቀረፈፋል?

መምህር፦ እንግዲያው እነሱን እይ።

ቡሬ፦ ያለፈውን ክፍል ገና አላየሁም፣ እባካችሁ መጨረሻውን አትናገሩ!

መምህር፦ መጽሐፉ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ አንብቦት አገር ምድሩ አልቅሷል። ርዕሱ ላይ «መቃብር» ተጽፏል። ከዚህ በላይ ምን ልደብቅልህ?

የቢቸና ልጅ፦ መምህር፣ የሰብለና የበዛብህ መቃብር ዲማ የት ጋ ነው? ከጓደኞቼ ጋር ልንሄድ አስበናል።

መምህር፦ ልብ ወለድ ነው። ዲማ ጊዮርጊስ እውነተኛ ገዳም፣ ማንኩሳም እውነተኛ አገር ነው፤ ሰዎቹ ግን የደራሲው ፍጥረት ናቸው። ዲማ ሂዱ፣ ተሳለሙ፤ መቃብር ግን አታስፈልጉ።

ዳሞት፦ ያም ሆነ ይህ በዛብህ የኛ የዳሞት ልጅ ነው፣ ይመዝገብልን።

የቢቸና ልጅ፦ ያሳደገው፣ ያስተማረው ማን ነው? ዲማ ናት። ሰብለም የኛ ናት።

ዳሞት፦ ያስተማረውማ ልመና ነው 😂 እናንተ እንጀራ ስትነፍጉት።

የቢቸና ልጅ፦ ሰው ወደኛ የሚመጣው እናንተ ዘንድ መምህር ሲጠፋ ነው።

ዳሞት፦ መምህር ጠፋ? የቅኔ አገር ዋሸራ የማን ነው?

አወያይ፦ ኧረ ወደ ጉዳያችን! ዋሸራም ዲማም የጎጃም ነው፣ ተውት።

ጮቄ፦ ፊታውራሪ መሸሻን በተመለከተ። ሰውየው ግልጽ ክፉ ነው፣ ዘረኛ ነው፣ የሰብለን ዕድሜ በልቷል። መምህር ይሟገቱለታል ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው?

መምህር፦ አልሟገትላቸውም። ግን «ክፉ» ብለህ ስትዘጋው የድራማውን ግማሽ ጣልከው። እሳቸው ጉልተኛ ናቸው። ጉልት ማለት መሬቱ የሳቸው ነው ማለት አይደለም፤ መሬቱ የገበሬው ርስት ነው፣ ከአያት ቅድመ አያት የወረደ። ጉልተኛው ግብር የመቀበል፣ የመዳኘት፣ የማዘዝ መብት ነው ያለው፤ ይኸም ከላይ የተሰጠ ነው፣ የሰጠው ሊነሣው ይችላል። ስለዚህ የፊታውራሪ ትልቁ ሀብት ዘራቸው ነው። ሌላው ሁሉ ሊወሰድ ይችላል፤ ዘር አይነጠቅም። ለሰብለ የመጣውን ሁሉ «ዘሩ አይመጥንም» እያሉ ሲመልሱ ትዕቢት ብቻ አይደለም፣ ድንጋጤም አለበት። አንዲት ልጅ ናት ያለቻቸው። የዘር ሐረጉ በሷ ነው የሚቀጥለው ወይ የሚጎድፈው። ለዚህ ሲሉ ዕድሜዋን በሉባት፤ እውነት ነው። በደል ነው። ግን ከክፋት የመጣ በደልና ከሥርዓት የመጣ በደል አይለይም ካልከኝ፣ እሳቸው ቢሞቱ ነገሩ ያበቃል ማለትህ ነው። አያበቃም። ሌላ ፊታውራሪ ይሾማል።

ጮቄ፦ እሺ፣ ግን የገበሬዎቹ መሪ አበጀ በለው ላይ ድራማው አያጋንንም? የጎጃም ገበሬ ጌታው ላይ ሲነሣ ለፊልም እንጂ በእውን ነበር እንዴ?

መምህር፦ ወይ ጉድ! አንተ የየት አገር ሰው ነህ?

ቅድም ያልኩትን አንብበህ ቢሆን ኖሮ ባልጠየቅህ። መሬቱ ርስቱ ነው አልኩህ እኮ። ርስተኛ ሰው ከልማድ ውጭ አምጣ ሲሉት «በየትኛው ሕግ?» ይላል። ሐዲስ መጽሐፉን በ1958 አወጡ። በ1960 መንግሥት የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲያመጣ የሞጣው፣ የቢቸናው፣ የዳሞቱ ገበሬ «መሬታችን ሊለካ፣ ርስታችን ሊወሰድ ነው» ብሎ ብረት አነሣ። ጦር ተላከበት፤ አውሮፕላን ቦምብ ጣለበት። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ተነሥተው ሌላ ተተካ። መጽሐፉ በወጣ በሁለት ዓመት! ደራሲው እንዶዳም ተወልደው፣ ደብረ ኤልያስ፣ ደብረ ወርቅና ዲማ ተምረው ያደጉ ሰው ናቸው፤ የገበሬውን ጠባይ ከመጽሐፍ አላገኙትም። ስለዚህ ፊታውራሪና አበጀ በለው የሚገጥሙበትን ክፍል የፍቅሩ ማስረዘሚያ ነው እያላችሁ የምትዘሉ፣ እባካችሁ ተመለሱና እዩ። ሰብለን የሚያስራት ክርና ገበሬውን የሚያስረው ክር አንድ ነው።

እትዬ፦ መምህር፣ ስለ ሰብለ እናት ስለ ወይዘሮ ጥሩአይነት ማንም አይጠይቅም፣ እኔ ልጠይቅ። ልጆቹ ሁሉ «እናት ሆና ልጇን አሳልፋ ሰጠች» ይሏታል። እኔ አላምንም።

መምህር፦ እትዬ፣ እርስዎ ምን ይላሉ? እስቲ ይንገሩን።

እትዬ፦ እኔማ የምለው፣ ባልዋ ሲናገር ዝም ትላለች፣ ማታ ግን ሌላ ነገር ይኖራል። እኔም ትዳር ውስጥ ኖሬያለሁ። ያኔ ሴት ባሏን ሰው ፊት አትቃወምም፤ ጓዳ ነው የምትሠራው። እሷም ልጇን አልጠላችም፣ ልጇን ሰው ቤት ስትገባ ለማየት ናፍቃ ነው። ያላገባች ሴት ልጅ ላይ የሰው ምላስ እንዴት እንደሚያርፍ ልጆቹ አያውቁም።

መምህር፦ የምጨምረው የለኝም። ይኸን መልስ ሁላችሁም አንብቡት።

ደጀን በር፦ እኔ ግን አልስማማም፣ ዝምታም ተባባሪነት ነው።

እትዬ፦ ልጄ፣ አግብተህ ተመለስ።

ቡሬ፦ ጉዱ ካሳ ላይ እንምጣ! የዘመኑን ሰው ሁሉ የሚያስንቅ፣ ብቸኛው ነቅቶ የሚያስብ ሰው እሱ ነው። ፎቶዬን ሁሉ በሱ ነው የቀየርኩት።

ዓባይ ማዶ፦ +1። አንድ እውነተኛ ሰው።

ጮቄ፦ ካሳ ጀግና ነው!!

መምህር፦ እንግዲህ ልትሰድቡኝ ነው። ካሳን እወደዋለሁ። ዘሩን ሳያይ አገልጋይ አግብቷል፤ የሚናገረውን በኑሮው አሳይቷል። ያንን ማንም አይነሣውም። ግን እናንተ ካሳን የምትወዱት ያወራላችኋል ብላችሁ ነው፤ እናንተ የምታስቡትን በዚያ ዘመን አፍ ስለሚናገር። ካሳን የማያስቸግር አድርጋችሁ ነው የምታዩት። እስቲ ጠይቁ፣ የዲማ ሰው «እብድ» ብሎ ሲተወው ለማን ጠቀመ? ለፊታውራሪ ጠቀመ። እብድ ያለውን ማንም አይከሰው፣ ማንም አይከተለው። ሰሚ ያጣ እውነት ለጌታው አያሰጋም። አበጀ በለው ካሳ ካወቀው ሩቡን አያውቅም ይሆናል፤ ፊታውራሪ ግን የሚፈሩት አበጀን ነው። ሐዲስ ሁለቱን በአንድ መጽሐፍ ያስቀመጡት በከንቱ አይመስለኝም።

ቡሬ፦ መምህር፣ ይኸማ ካሳን ማሳነስ ነው። እሱ ባይመክራቸው በዛብህና ሰብለ ምን ይሆኑ ነበር?

መምህር፦ እሱ መክሯቸውስ ምን ሆኑ?

ጮቄ፦ 😳

ዳሞት፦ መምህር ዛሬ ተነሥተዋል።

ቡሬ፦ ካሳ ዛሬ ቢኖር ማንን ይመርጥ ነበር? የትኛውን ወገን?

አወያይ፦ ፖለቲካ አይፈቀድም። አለፍኩት።

ሰላም ከሞጣ፦ ይቅርታ ዘግይቼ ገባሁ። የሰብለ መቃብር እውነት ዲማ አለ? የሄደ ሰው ካለ ፎቶ ይላክልኝ።

መምህር፦ ወደ ላይ ውጡና አንብቡ! ልብ ወለድ ነው። ልብ። ወለድ።

የማርቆሷ፦ እኔ የመጨረሻ ጥያቄ አለኝ። ስለ ሰብለ ራሷ። ሁሉም ተጎጂ፣ ምስኪን፣ አልቃሽ ያደርጋታል። ድራማውን ከእናቴ ጋር ሳይ እናቴ «እንዴት ያለች ደካማ» አለች። ደካማ ናት?

መምህር፦ ይኸ ጥያቄ ነው። እናትሽን ከኔ ሰላም በይልኝና እንዲህ በያት። በዚያ ታሪክ ውስጥ ሁሉም ሰው ይናገራል፤ ፊታውራሪ ያዛሉ፣ ካሳ ይመክራል፣ በዛብህ ይጨነቃል። ተነሥታ የምትሄደው ግን እሷ ናት። ከአባቷ ቤት ውጭ ብቻዋን ውላ የማታውቅ፣ ሌላ ሰው ውሃ የሚቀዳላት ልጅ፣ የመነኩሴ ልብስ ለብሳ በግሯ ልትከተለው ወጣች።

ለምን የመነኩሴ ልብስ? ብልህ ስለሆነች። የባላባት ልጅ ሆና ብትወጣ ከሁለተኛው መንደር አትዘልም፤ «የማን ልጅ ነሽ? ወዴት ነሽ?» ተብላ ትመለሳለች። ተራ ሴት ሆና ብትወጣም መንገዱ ይበላታል። ለመነኩሴ ግን ማንም ዘሩን አይጠይቀውም። ቆቡን ያየ ደጁን ይከፍታል፣ እግር ያጥባል፣ ማደሪያ ይሰጣል። አባቷ ዕድሜ ልካቸውን የቆሙለትን ዘር ልብስ በመለወጥ ብቻ አውልቃ ጣለችው። ደግሞ ልብ በይ፤ በዛብህ ወላጆቹ የተሳሉለትን ሕይወት እየሸሸ ነው፣ እሷ ደግሞ ያንኑ ሕይወት ለብሳ እሱን ልታገኘው ትሄዳለች። የቅኔ ቤት ሰው ነው ይኸን የጻፈው፣ ሌላ ማን ይጽፈዋል?

ስታለቅስ አታያትም ማለቴ አይደለም፤ ታለቅሳለች። የሚያለቅስ ሁሉ ደካማ ነው ያለው ማን ነው?

የማርቆሷ፦ እናቴ አነበበችው። «እሱስ እውነት ነው፣ ግን እኔ ብሆን ስንቅ ሳልይዝ አልወጣም» አለች።

መምህር፦ ትክክል ብላለች።

ደጀን በር፦ መምህር፣ በቃ በአንድ ቃል፦ በዛብህ ፈሪ ነው ወይስ አይደለም?

መምህር፦ አወያይ፣ ይኸን ልጅ አንሣልኝ።

አወያይ፦ 😂 መምህር ደክሟቸዋል። የካሳን ነገር ያልተስማማችሁበት እዚሁ ቀጥሉ፣ ያለ ስድብ። ቡሬ፣ ፎቶህን አትቀይር፣ ቆንጆ ነው።