ከመጨረሻው ረድፍ አድምጡ

የሙያ ልጆቼ፣

በከተማ መሀል የሕግ ትምህርት ቤት ንደፉ ስትባሉ እጃችሁ መጀመሪያ ወደ መግቢያው እንደሚሄድ አውቃለሁ። ምሰሶ፣ ሰፊ ደረጃ፣ ግርማ ያለው በር። እኔም በእናንተ ዕድሜ ያንኑ አድርጌያለሁ። ዛሬ የምለምናችሁ ከውስጥ እንድትጀምሩ ነው፤ ከውስጥም ከድምፁ።

ክሪስቶፈር ኮሎምበስ ላንግዴል እ.ኤ.አ. በ1870 በአሜሪካው ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የሕግ መምህር ሆኖ ገብቶ፣ የተፈረዱ ጉዳዮችን እያነሣ ተማሪውን መጠየቅ ከጀመረ ወዲህ፣ በሕግ ክፍል ውስጥ ተናጋሪው መምህሩ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። ተማሪ ይመልሳል፤ ሌላው ከወዲያ ጥግ ይሞግተዋል። ወንበሮቹ ግማሽ ክብ ሠርተው፣ ረድፎቹ ወደ ኋላ ከፍ ከፍ እያሉ የሚሠሩት ተማሪ የተማሪን ፊት እንዲያይ፣ ቃሉንም እንዲሰማ ነው።

ይህን በመጽሐፍ አንብቤው ነበር። የገባኝ ግን እኔው በነደፍኩት ክፍል የመጨረሻ ረድፍ ላይ የተቀመጥኩ ዕለት ነው። ወለሉ እብነ በረድ፣ ግድግዳው የተወለወለ ድንጋይ፣ ጣሪያው ልሙጥ ኮንክሪት፤ ፎቶው ያምራል። አንዲት ተማሪ ስለ ውል ተጠይቃ ትመልሳለች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ ቃሉ ግን ከማሚቶው ጋር ተደራርቦ ነው የሚደርሰኝ። ውሉ «ይፈርሳል» ትበል «አይፈርስም» መለየት አቃተኝ። አጠገቤ የነበረው ልጅ ትንሽ አንገቱን አስግጎ ቆየና እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ያ እስክሪብቶ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

ለንግግር በሚሆን መካከለኛ ክፍል ውስጥ ድምፅ ከ0.6 እስከ 0.7 ሰከንድ ባለው ጊዜ መክሰም አለበት። ክፍሉ ባዶ ሳለ የአየር ማናፈሻውና የመንገዱ ጩኸት ተደምሮ ከ35 ዲሲብል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ባይበልጥ ይመረጣል። ከተማ ውስጥ ደግሞ አውቶቡሱም ሞተሩም በመስኮት ስር ነው የሚያልፈው። ስለዚህ ኮሪደሩንና ቢሮውን ወደ መንገዱ ስጡት፤ የመማሪያ ክፍሉን ወደ ውስጠኛው ግቢ መልሱት። አርክቴክቱ ጄምስ ጋምብል ሮጀርስ ለአሜሪካው ዬል ዩኒቨርሲቲ የሠራውንና እ.ኤ.አ. በ1931 ያለቀውን የሕግ ሕንፃ ስታዩ ብዙ ሰው የሚያደንቀው የድንጋይ ቅርጻ ቅርጹን ነው። እኔ ከሁሉ አስበልጬ የምወድለት ግቢውን ነው፤ እንደ ጥንቶቹ የለንደን የጠበቆች ግቢዎች ሕንፃው ዙሪያውን ይዞ መሀሉን ለጸጥታ ትቶታል።

ብርሃንና ክፍት ቦታ የሚወድ ሁሉ የእንግሊዙን ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ያጥናው። ኖርማን ፎስተር የነደፈው ይህ ሕንፃ እ.ኤ.አ. በ1995 ሲከፈት የመስታወቱ ጥምዝ ብዙ አድናቆት አተረፈለት። ነገር ግን የቤተ መጻሕፍቱ ፎቆች ከታች ወዳለው አዳራሽ ክፍት ስለነበሩ፣ የታችኛው ወሬ ሁሉ ወደ አንባቢው ይወጣ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ክፍቱን በመስታወት መዝጋት ግድ ሆነ። ታላቅ አርክቴክትም ይሳሳታል፤ ሳይሸፋፈን መታረሙን ነው የማከብረው።

ቦታ ጠበበ ብላችሁ ወደ ላይ ስትወጡ ደግሞ በክፍለ ጊዜዎች መሀል ያለችውን አጭር እረፍት አስቡ። አርክቴክቱ ዦሴፕ ሉዊስ ሰርት ለቦስተን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የሠራው የሕግ ማማ 18 ፎቅ ነው፤ የመማሪያ ክፍሎቹ ከፍታው ላይ ተደራርበው ስለነበር ተማሪው ሁሉ በአንድ ጊዜ አሳንሰር ላይ ይሰለፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 አጠገቡ ባለ 5 ፎቅ ሕንፃ ተጨምሮ ትልልቆቹ ክፍሎች ወደ ታች ወረዱ፤ ማማውም ታድሶ ለቢሮና ለመሰሉት ሥራዎች ዋለ። ብዙ ሰው የሚጠቀምበትን ወደ መሬት አቅርቡ። ደረጃውንም ሰፊና ብርሃን ያለው አድርጉት፤ ክርክር ክፍል ውስጥ አያልቅም፣ ደረጃ ላይ ይቀጥላል።

የመጀመሪያው ክፍል ሥራ እንዳለቀ፣ የሌሎቹ ግድግዳ ሳይለበጥ፣ ድምፀ ለስላሳ የሆነች የሥራ ባልደረባችሁን ይዛችሁ ግቡ። እሷ መሀል ወንበር ላይ ተቀምጣ ድምፅዋን ሳትጨምር አንድ ገጽ ፍርድ ታንብብ። እናንተ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ሁኑና ያመለጣችሁን ቃል ሁሉ መዝግቡ። የቀሩትን ክፍሎች ለማስተካከል ገና ጊዜ አላችሁ።