ጋራዥ ውስጥ ልብስ ማጠቢያ፦ ፍሳሹ ወዴት ይሂድ?

የጋራዡን ጥግ ለልብስ ማጠቢያ ማሽን ፈልገህ፣ ወለሉ ወደ በሩ ስለሚያዘቀዝቅ ፍሳሹ አስቸግሮሃል። ወለሉን አታፍርስ! ማሽኑ ውሃውን በራሱ ፓምፕ ገፍቶ ያወጣል።

1. ግድግዳው ላይ ከ60 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር የሚቆም ቱቦ አስገጥም፤ የማሽኑን ጎማ አፉ ላይ ሰካው። ጎማው መሬት ከተጣለ ማሽኑ አንዴ ሲሞላ አንዴ ሲያፈስ ይውላል።
2. ከዚያ ቱቦውን በየሜትሩ 2 ሴንቲ እያዘቀዘቅክ ወደ ሴፕቲክ ታንኩ ውሰደው።
3. ለማሽኑ ለብቻው ብሬከርና ኧርዝ (የመሬት ሽቦ) ይኑረው። ይሄን ለኤሌክትሪሺያን ተወው።

መኪናው እዚያው የሚያድር ከሆነ መኪናውንና ማሽኑን በብሎኬት ለያቸው፤ አለዚያ የታጠበ ልብስ ቤንዚን ቤንዚን ይላል።

አንድ ነገር ግን፦ እዚህ ጎንደር ውሃው በፈረቃ ስለሆነ ከሮቶ መሳብህ አይቀርም። 1 ሜትር ከፍታ የሚሰጥህ ግፊት 0.1 ባር ብቻ ነው። እኔ ቤት ሮቶው ዝቅ ብሎ ስለተቀመጠ ማሽኑ ውሃ እየጠበቀ መሃል ላይ ቀጥ ይል ነበር። ትንሽ የግፊት ፓምፕ ነው የገላገለኝ።