ፒካፕ መኪናን ለብርቱ ቅዝቃዜ ማዘጋጀት፦ ለአንባቢያን ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል አባላት፣ ለሥራ የምዛወርበት አካባቢ በብርድ ወራት ከዜሮ በታች እስከ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንደሚቀዘቅዝ ተነግሮኛል። ይዤው የምሄደው በቤንዚን የሚሠራ ፒካፕ ደግሞ እስካሁን ከሞቃት ቦታ ወጥቶ አያውቅም። ጓደኞቼ «ትልቅ ባትሪ ግዛና ይበቃሃል» ይሉኛል። በእርግጥ ይበቃኛል? ካልበቃኝስ ከምን ልጀምር?

መልስ፦ ትልቅ ባትሪ ብቻውን አይበቃዎትም። የባትሪ ኃይል የሚመነጨው ከኬሚካላዊ ሂደት ነው፤ ሂደቱም ብርድ በጨመረ ቁጥር እየዘገመ ስለሚሄድ፣ በሞቃት ቀን ሙሉ ጉልበት ይሰጥ የነበረ ባትሪ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ የሚሰጠው የዚያን ግማሽ ያህል ወይም ከዚያም ያነሰ ነው። በዚያው ሰዓት የሞተሩ ዘይት እንደ ማር ስለሚወፍር፣ ሞተሪኖው ሞተሩን ለማዞር የሚፈልገው ጉልበት ከወትሮው በብዙ እጥፍ ይጨምራል። ባትሪው በሚደክምበት ሰዓት ሞተሩ ብዙ ይጠይቃል ማለት ነው። ትልቅ ባትሪ መግዛት የሚያቃልለው የችግሩን አንድ ወገን ብቻ ስለሆነ፣ በእኔ እምነት ገንዘብዎን አስቀድመው ማዋል ያለብዎት ሞተሩን በሚያሞቀው መሣሪያ ላይ ነው።

ከሁሉም በፊት ግን ራዲያተሩ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ ያረጋግጡ፤ ሌላው ጉድለት መኪናውን ቢያስቆመው ነው፣ ይህኛው ግን ሞተሩን ይሰነጥቀዋል። በሞቃት ቦታ የኖሩ መኪኖች ብዙ ጊዜ ንጹሕ ውሃ ወይም እጅግ የቀጠነ አንቲፍሪዝ (ውሃው በብርድ እንዳይረጋ የሚደባለቅ ፈሳሽ) ይዘው ይገኛሉ። ውሃ ወደ በረዶነት ሲለወጥ መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር፣ የሞተሩ ብረት ያንን ግፊት አይችለውም። በኤቲሊን ግላይኮል የተሠራ አንቲፍሪዝ ከውሃ ጋር እኩል በእኩል ሲደባለቅ የሚከላከለው እስከ ዜሮ በታች 37 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው፤ ይህም እርስዎ ለጠቀሱት ቅዝቃዜ አይደርስም። 60 በመቶ አንቲፍሪዝና 40 በመቶ ውሃ ሲሆን ግን ከዜሮ በታች 50 ዲግሪን ይቋቋማል። «እንግዲያው ውሃውን ጨርሼ ልተወው» እንዳይሉ፤ ያልተበረዘ ኤቲሊን ግላይኮል ከዜሮ በታች 13 ዲግሪ ገደማ ላይ የሚረጋ ሲሆን፣ ሙቀት የማስተላለፍ ችሎታውም ከድብልቁ ያነሰ ነው።

አሮጌው ውሃ ከራዲያተሩ ሲወጣ በሞተሩና በጋቢናው ማሞቂያ ቱቦዎች ውስጥ የሚቀረው ብዙ ስለሆነ፣ በጆግ የለኩት ድብልቅ መኪናው ውስጥ ከገባ በኋላ መቅጠኑ አይቀርም። ስለዚህ ሞተሩ ሠርቶ ፈሳሹ በደንብ ከተዋሐደ በኋላ እንዲቀዘቅዝ ይተዉት፤ ከዚያም የራዲያተሩን ክዳን ከፍተው በብርሃን መለኪያ ይለኩት። መለኪያው በአንድ ዓይን የሚታይበት አጭር ቱቦ ነው፤ አንድ ሁለት ጠብታ በመስታወቱ ላይ አድርገው ወደ ብርሃን ሲያዞሩት ነጩና ሰማያዊው የሚለያዩበት መስመር ፈሳሹ በስንት ዲግሪ እንደሚረጋ ያሳይዎታል። መስመሩ ከዜሮ በታች ከ45 ዲግሪ በላይ እስካልጠለቀ ድረስ መኪናውን ውጭ አያሳድሩት።

ወደ ማሞቂያው ስንመለስ፣ የተለመደው ዓይነት በሞተሩ ብሎክ ጎን ገብቶ በውስጡ ያለውን ፈሳሽ በኤሌክትሪክ የሚያሞቅ ነው። ጉልበቱ እንደ ሞተሩ መጠን ከ400 እስከ 1000 ዋት አካባቢ ይሆናል። ሌሊቱን ሙሉ መሰካት አያስፈልገውም፤ ከመነሣትዎ በፊት ከ2 እስከ 4 ሰዓት ቢሠራ ስለሚበቃ፣ ሰዓት ጠብቆ የሚያበራ ማብሪያ ይግጠሙለት። ገመዱ ባለ ሦስት ሽቦ፣ የመሬት መስመር ያለውና ለውጭ ብርድ የተሠራ ይሁን፤ ተራ የቤት ማራዘሚያ በዚያ ቅዝቃዜ ድርቅ ብሎ ሽፋኑ ይሰነጠቃል። ገመዱ ከማራገቢያውና ከጭስ ማውጫው ርቆ በደንብ እንዲታሰር የሚገጥምልዎትን መካኒክ አጥብቀው ያሳስቡት። በዘይት ቋቱ ሥር የሚለጠፍ ጠፍጣፋ ማሞቂያና ለባትሪው የሚሆን ማሞቂያ ቢጨምሩ ደግሞ እጅግ ጥሩ ነው። መኪናው በሚያድርበት ቦታ ኤሌክትሪክ ከሌለ ግን ከመኪናው ነዳጅ እየቀዳ የሚሠራውን ማሞቂያ ከማስገጠም በቀር ሌላ አማራጭ አይታየኝም።

ለዘይት ሙሉ በሙሉ ሲንተቲክ የሆነውንና በመኪናዎ መመሪያ የተፈቀደውን «0ደብሊው» (በቆርቆሮው ላይ 0W ተብሎ የሚጻፈውን) ይምረጡ። ከደብሊው በፊት ያለው ቁጥር በብርድ ጊዜ ያለውን ባሕርይ ያመለክታል፤ 0ደብሊው የሚል ዘይት በፓምፕ መገፋት መቻሉ የሚፈተነው ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ላይ ሲሆን፣ 5ደብሊው የሚፈተነው 35 ላይ ነው። የካምቢዮና የዲፈረንሻል ዘይትም እንዲሁ ለብርድ በሚስማማ ሲንተቲክ ይቀየር። የሞተር ማሞቂያው እነዚህን አይነካቸውምና ከተነሡ በኋላ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ኪሎ ሜትሮች በዝግታ ይንዱ።

ባትሪውን በተመለከተ በላዩ የተጻፈውን የ«ሲሲኤ» (CCA) ቁጥር ይመልከቱ፤ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ለ30 ሰከንድ ሊሰጥ የሚችለውን አምፒር የሚናገረው እሱ ነው። አምራቹ ካዘዘው በታች አይውረዱ፤ ቦታው ከፈቀደ ከፍ ያለውን ይግዙ። ከመጠኑ ይልቅ ግን ሙሉ ሆኖ ማደሩ ይበልጣል። ሙሉ ባትሪ ከዜሮ በታች 50 ዲግሪ እንኳ የማይረጋ ሲሆን፣ የተራገፈው ከዜሮ በታች 8 ዲግሪ ገደማ ላይ ይረጋል። ሳይሠራ ቆይቶ ሲለካ 12.6 ቮልት ወይም ከዚያ በላይ ካሳየ ደህና ነው። ጎኑ አብጦ ካገኙት ረግቷልና በምንም ምክንያት ከሌላ መኪና ኬብል እንዳያገናኙለት፣ ቻርጀር ላይም እንዳያደርጉት፤ ሊፈነዳ ይችላል።

ብዙዎች የማያስቡትን አንድ ነገር ልጨምር፤ እኔ እንዲያውም ከሁሉ አብልጬ የምሰጋው ለዚህ ነው። ሞተር ሲሠራ ከሚፈጠረው የውሃ እንፋሎት የተወሰነው ወደ ዘይቱ ክፍል ይዘልቅና በመተንፈሻው ቱቦ በኩል ይወጣል። በብርቱ ብርድ ይህ እንፋሎት ቱቦው ውስጥ እየረጋ ይደራረብና መውጫውን ይዘጋዋል። ያን ጊዜ በውስጥ የሚጠራቀመው ግፊት መውጫ ፍለጋ የዘይት መለኪያውን ዘንግ ወደ ላይ ይገፋል፤ ሲብስም በክራንክ ሻፍቱ ጫፍ ዘይት የሚይዘውን ጎሚኒ ገፍቶ ያወጣና ሞተሩ መንገድ ላይ ዘይቱን ያፈሰዋል። ለዚህ የሚጋለጡት በአጭር ርቀት ብቻ እየተነዱ ሳይሞቁ የሚጠፉ ሞተሮች ናቸው። ስለዚህ መተንፈሻው ቱቦ ሙቀት በሚይዝ ሽፋን ይጠቅለል፤ ሞተሩ በደንብ የሚሞቅበት ረዘም ያለ ጉዞም በየጊዜው ያድርጉ። በራዲያተሩ ፊት የሚደረገው የብርድ መከላከያ ሸራም ለዚሁ ይረዳል፤ ነገር ግን አየር የሚገባበት ክፍተት ይኑረው፣ ከባድ ጭነት ሲጭኑ ወይም ብርዱ ሲቀንስ ደግሞ የሙቀት መለኪያውን እያዩ ይግለጡት።

ጥያቄ፦ የእኔ ፒካፕ የናፍጣ ነው። ብርዱ በበረታበት ጠዋት ይነሣልኛል፤ ጥቂት ከሄደ በኋላ ግን ጉልበት ያጣና ይጠፋል። ጎረቤቴ ናፍጣው ላይ ጥቂት ቤንዚን ጨምር አለኝ። ልጨምር?

መልስ፦ እባክዎን አይጨምሩ። ቤንዚን ናፍጣውን በቀላሉ የሚቀጣጠል ያደርገዋል፤ ለፓምፑና ለነዳጅ መርጫዎቹ ማለስለሻ የሚሆነውን ባሕርዩንም ይቀንሰዋል። የእነዚህ ዕቃዎች ጉዳት ደግሞ የሚያስወጣው ወጪ ከባድ ነው።

የነገሩኝ ምልክት ናፍጣው መርጋቱን ያሳያል። በናፍጣ ውስጥ በተፈጥሮው ፓራፊን የሚባል ሰም መሰል ነገር አለ፤ ብርድ ሲመታው ጥቃቅን ቅንጣት ይሠራና ፊልትሮው ላይ እየተጠራቀመ የነዳጁን መንገድ ይዘጋል። ሞተሩ መጀመሪያ የሚነሣው ከፊልትሮው ወዲያ በቀረው ነዳጅ ነው፤ ያ ሲያልቅ ይጠፋል። መድኃኒቱ ለብርድ ወራት የተዘጋጀውን ናፍጣ መቅዳት ነው፤ ከሞቃት አካባቢ ሞልተው የመጡት ነዳጅ ታንኩ ውስጥ እያለ ብርዱን መጠበቅ የለብዎትም። መርጋትን የሚከላከለው ፈሳሽም የሚጠቅመው ናፍጣው ደመናማ መልክ ከመያዙ በፊት ሲጨመር ነው፤ አንዴ የረጋውን መልሶ አያቀልጠውም። በፊልትሮው ሥር የሚጠራቀመውን ውሃ በየጊዜው ያፍስሱ፤ ትርፍ ፊልትሮም ከመኪናው አይለይ። ካንዴሌታዎቹን፣ ማለትም ናፍጣው እንዲቀጣጠል የሞተሩን ውስጥ የሚያግሉትን ዘንጎች፣ ከመበላሸታቸው በፊት ያስፈትሿቸው፤ ጠዋትም የካንዴሌታው መብራት እስኪጠፋ ሳይጠብቁ ሞተሪኖውን አያዙሩ።

መኪናዎ አድብሉ (የናፍጣ ሞተርን ጭስ ለማጣራት በራሱ ጋን የሚሞላ ፈሳሽ) የሚጠቀም ከሆነ፣ ይህ ፈሳሽ ከዜሮ በታች 11 ዲግሪ ላይ እንደሚረጋ ይወቁ። ይህ ሊያስደነግጥዎ አይገባም፤ የራሱ ማሞቂያ ስላለው ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ይቀልጣል። ሲረጋ ስለሚሰፋ ብቻ ጋኑን እስከ አፉ አይሙሉት፤ አንቲፍሪዝም ሆነ ሌላ ነገር ፈጽሞ አይጨምሩበት።

ጥያቄ፦ ጠዋት ሞተሩን ቆሞ ምን ያህል ላሙቀው? ደግሞስ ፒካፔ በአራቱም ጎማ የሚነዳ ሆኖ ሳለ የበረዶ ጎማ ያስፈልገኛል?

መልስ፦ በማሞቂያ ላደረ ሞተር ጥቂት ደቂቃ ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ በዝግታ እየነዱ ማሞቅ ይሻላል። የቆመ ሞተር ቀስ ብሎ ስለሚሞቅ፣ ሳይቃጠል የቀረ ነዳጅ ወደ ዘይቱ እየወረደ ያቀጥነዋል። በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ግን ለአፍታም አያስነሡት፤ ውጭም ቢሆን ጭስ ማውጫው በበረዶ አለመደፈኑን ወርደው ይዩ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ሰው ሳያውቀው ይገድላል።

የበረዶ ጎማ ያስፈልግዎታል። በአራቱም ጎማ መነዳት ለመነሣትና ለመውጣት ይረዳል እንጂ ለማቆም አይረዳም። ተራ ጎማ ከ7 ዲግሪ በታች እየደረቀ መሬት የመያዝ ኃይሉን ያጣል፤ ባለ ሦስት ጫፍ ተራራና የበረዶ ቅንጣት ምልክት በጎኑ ያለውን፣ በአራቱም ቦታ ይቀይሩ። የፒካፕ የኋላ ክፍል ባዶውን ቀላል ስለሆነ በኋላው አክስል ላይ የአሸዋ ከረጢት ይጫኑ፤ በድንገተኛ ፍሬን ወደ ፊት እንዳይወረወርም አጥብቀው ይሰሩት። ብርዱ በ6 ዲግሪ ገደማ በጨመረ ቁጥር የጎማው ንፋስ በ1 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ያህል ይወርዳል። ስለዚህ ንፋሱ መለካት ያለበት ጎማው ውጭ ካደረ በኋላ፣ ሳይነዳ ነው። ሌሊት ሲያቆሙ የእጅ ፍሬኑን አይሳቡት፤ የረጠበ ኬብልና የፍሬን ሸራ በረዶ ይዟቸው ጠዋት አይለቁም። መሬቱ ሜዳ በሆነ ቦታ ማርሽ ውስጥ አስገብተው፣ ጎማው ሥር ታኮ አድርገው ያሳድሩት።