«ይሄ ምን ያደርግልሃል?»

ጥያቄ፦ ባለትዳር ነኝ፤ የምኖረው ድሬዳዋ ነው። ከሥራ መልስ የድሮ ባለአምፖል ሬዲዮ እጠግናለሁ። አልቅምም፣ አልጠጣም። ባለቤቴ ግን ዘወትር «ይሄ ምን ያደርግልሃል?» ትለኛለች። ሰው ለሚወደው ነገር ሁሉ ምክንያት ማቅረብ አለበት?

መልስ፦ የለበትም። ገንዘብ የማያመጣ ነገር ሁሉ ከንቱ ነው የሚለው አስተሳሰብ ብዙ ሰው አስከፍቷል። እስከዚህ ከእርስዎ ጋር ነኝ።

ሙሉ ደብዳቤዎ ግን ሌላም ነገር ይናገራል። ሳይነካ የከረመ ሬዲዮ በቀጥታ 220 ቮልት ላይ እንደማይሰካ፣ መጀመሪያ ከ60 ዋት የመብራት አምፖል ጋር በተከታታይ (ኤሌክትሪኩ በአምፖሉ አልፎ ሬዲዮው ጋ እንዲደርስ) እንደሚያያዝ፣ አምፖሉ ቦግ ብሎ ከደበዘዘ ደህና፣ እንደበራ ከቀረ ግን ውስጡ የሆነ ነገር ሾርት እንዳደረገ ግሩም አድርገው ጽፈዋል። ስለ ባለቤትዎ ያለው አንድ መስመር ነው፦ «እሷ እንደሆነ ማታ ማታ ደጅ ከጎረቤት ጋር ስለምትቀመጥ የጎዳኋት ነገር የለም።»

እኔን የያዘኝ ይህ መስመር ነው። ድሬ ላይ ሙቀቱ በረድ ሲል ሰው ደጅ ይወጣል፤ የቀኑ ወሬ የሚወራው ያኔ ነው። እርስዎ በዚያ ሰዓት በር ዘግተው ውስጥ ነዎት። ጥያቄዋ ስለ ሬዲዮ ላይሆን ይችላል። አሜሪካዊው የትዳር ተመራማሪ ጆን ጎትማን አዲስ ተጋቢዎችን ከ6 ዓመት በኋላ ተመልሶ ሲያይ፣ በትዳር የቆዩት የአጋራቸውን ትንንሽ የመቀራረብ ሙከራዎች 86 ከመቶ ያህሉን ተቀብለው ነበር፤ የተፋቱት 33 ከመቶውን ብቻ። ሙከራው ደግሞ ሁልጊዜ በለሰለሰ ቃል አይመጣም። ሰሚ ሲያጣ ነቀፌታ ይሆናል። እርስዎም ነቀፌታውን ብቻ ሰምተው ራስዎን ለመከላከል ቆሙ፤ «አልቅምም፣ አልጠጣም» ያሉትም ለዚያ ይመስለኛል። ማን ከሰሰዎት? ክፉ አለመሥራት አብሮ መሆን አይደለም።

ምናልባት ይህን ቢሞክሩ፦ በሳምንት ሁለት ምሽት አብረዋት ደጅ ይቀመጡ። በሌላው ቀን የሚወጡበትን ሰዓት ነግረዋት ይግቡ። ሰዓቱ የሚያልፈው «ይቺን ብየዳ ብቻ ልጨርስ» ሲባል ነውና 20 ደቂቃ ሲቀር አዲስ ነገር አይፍቱ። ሬዲዮውን በአምፖሉ በሚፈትሹበት ደቂቃ ግን ይጥሯት፤ ማብራሪያዎ አጭር ይሁን፣ ካልፈለገችም አይጫኗት። ስለ መለዋወጫ ወጪ አንዳች አልጻፉም፤ ከእሷ የተደበቀ ገንዘብ ካለ መጀመሪያ እሱን ይንገሯት።

እሷን ሳልሰማ ነው ይህን ሁሉ ያልኩት፤ ግምቴ ሊስት ይችላል። የቆየ ቅሬታ በሳምንት አይለቅም፣ ይታገሱ። በሁለት ወር ውስጥ ለውጥ ከሌለ የትዳር አማካሪ ዘንድ በአካል ቅረቡ፤ ሁለታችሁም፣ አብራችሁ።