ከአቡጀዴው ሥር ያለው መጽሐፍ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ደሴ ውስጥ የብትን ጨርቅ ሱቅ አለኝ። ልጄ 7 ዓመቷ ከነበረ ጀምሮ ማታ ማታ የልጆች ልብ ወለድ አነብላት ነበር። ዘንድሮ 13 ሞላት። «እማዬ፣ ከእንግዲህ ራሴ አነባለሁ» አለችኝ። እኔ ግን መተው አቃተኝ። ገበያ ሲቀዘቅዝ ከባንኮኒው ሥር አውጥቼ አነባለሁ። ሰው ሲገባ አቡጀዴ ጣል አደርግበታለሁ። ሰሞኑን የባለቤቴ እህት ደረሰችብኝና «አንቺ ደግሞ ልጅ ሆነሽ ልትቀሪ ነው?» አለችኝ። ቃሉ ከሆዴ አልወጣም። እስከ ዛሬ በልጄ እያሳበብኩ የራሴን ደስታ ነበር የምፈልገው? አጥፍቼ ይሆን?
እናት፣ ከደሴ

መልስ፦ እታለም፣ ምንም አላጠፋሽም። አዎ፣ የራስሽንም ደስታ ስትፈልጊ ኖረሻል። እሰይ! ልጅሽ 6 ዓመት ሙሉ አጠገብሽ የተቀመጠችው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ልጅ የተሰላቸ ሰው ድምፅ ወዲያው ይለያል።

እኔ ያደግኩት ደላንታ ነው። ማታ እሳት ዳር «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» የምንለው ልጆች ብቻ አልነበርንም። አያቴ ስንቴ የሰማችውን የጦጣ ተረት እንደ አዲስ ትስቅበት ነበር። «ይሄ የልጆች ነው፣ አዋቂ ይውጣ» ያለ ሰው አላየሁም። በኋላም አባባ ተስፋዬ በቴሌቪዥን ተረት ሲያወሩ፣ ቡና የምታፈላ እናት ረከቦቷን ትታ ታዳምጥ ነበር።

የራሴን ልንገርሽ። ልጄ 9 ዓመቷ ሳለ «ሃይዲ»ን በእንግሊዝኛ እያነበብኩ በአማርኛ እተርክላት ነበር። (ለዚህ ዕድሜ የሚሆን ረጅም ልብ ወለድ በአማርኛ እንደ ልብ አለመገኘቱ ዛሬም ያንገበግበኛል።) ዮሃና ሽፒሪ የምትባል የስዊዘርላንድ ሴት በፈረንጆቹ 1880 እና 1881 በሁለት ክፍል ያወጣችው ነው። ወላጅ አልባዋ ሃይዲ ተራራ ላይ ከአያቷ ጋር ትኖራለች። ፍየሎች አሉ። አያትየው አይብ እሳት ላይ ይጠብስላታል። «አይብ እንዴት ይጠበሳል?» ብላ ልጄ አንድ ምሽት ሙሉ ተከራክራኛለች። ከዚያ አክስቷ አታልላ ፍራንክፈርት ትወስዳታለች። ልጅቷ አገሯ ይናፍቃታል። ተራራዋ ቢታየኝ ብላ የቤተ ክርስቲያን ግንብ ላይ ትወጣለች። የሚታያት ጣሪያና የጭስ ማውጫ ብቻ ነው።

እዚህ ጋ ስደርስ ድምፄ ተያዘ። እኔም በ11 ዓመቴ ለትምህርት ተብዬ ደሴ፣ ዘመድ ቤት ተልኬያለሁ። በመጀመሪያው ቅዳሜ ጦሳ ወገብ ድረስ ወጥቼ ደላንታን ፈለግሁ። ያየሁት የደሴን ቆርቆሮ ነው። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። ያን ማታ ለልጄ ነገርኳት።

ከዓመታት በኋላ መጽሐፉን ብቻዬን መልሼ አነበብኩት። ያኔ ደግሞ አያትየው ያዘኝ። ልጅቷ ከተወሰደችበት በኋላ አይቡን ተሸክሞ በመንደሩ ሲያልፍ ፊቱ ከበፊቱም ጠቁሯል፤ ሰው ይሸሸዋል። ጥቂት መስመር ነች። አባቴ እኔን ደሴ አድርሶ ብቻውን ሲመለስ ያ መንገድ እንዴት እንደነበረ፣ በዚያ ዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ አሰብኩ። ልጅ እነዚህን መስመሮች ዘሎ ወደ ፍየሎቹ ይሮጣል። ለእኔና ላንቺ የተቀመጡ ናቸው። ሽፒሪ ይህን ስትጽፍ 50 ዓመት አልፏት ነበር፤ እናትም ነበረች።

ስለዚህ እህትየዋ እንዳለችው ልጅ ሆነሽ አልቀረሽም። ልጅሽ የማታየውን እያየሽ ነው የምታነቢው።

ልጅሽ «ራሴ አነባለሁ» ማለቷ ሊከፋሽ አይገባም። ከብዶኝ ስለነበር ነው የምነግርሽ፤ የእኔዋም ብላኛለች፣ ሁለት ወር አኩርፌያለሁ። ብቻ «የት ደረስሽ? ምን ተረዳሽ?» እያልሽ አትከታተያት። ፈተና ይመስላታል። ይልቅ አንቺ ስታነቢ ትይሽ። ሳቅሽ ከመጣ ሳቂ፣ ምን እንዳሳቀሽ ግን እስክትጠይቅሽ አትንገሪያት።

አቡጀዴውን አንሺው። መጽሐፉ ባንኮኒው ላይ ይቀመጥ። ደንበኛ ሲመጣ ቁራጭ ጨርቅ ገጹ መሐል አስገቢና ተነስተሽ ለኪ።

የባለቤትሽን እህትም አትቀየሚያት። ምናልባት ለእሷ እንዲህ ያነበበላት ሰው የለም። እሑድ ቡና ጥሪያት። ከአቦል እስከ በረካ አንድ ምዕራፍ ይደርሳል፤ ጮክ ብለሽ አንብቢላት። የትኛውን ምዕራፍ ብታነቢ እንደሚሻል ቀደም ብለሽ ልጅሽን አማክሪያት።