በዲግሪዬ ትሪ ተሸከምኩ ላልሽው እህታችን

ጥያቄሽ ባጭሩ ይህ ነው። በአካውንቲንግ ተመርቀሽ ሥራ ስታጪ ደብረ ብርሃን፣ የደሴ መንገድ ዳር ያለ ምግብ ቤት በአስተናጋጅነት ገባሽ። 8 ወር ሞላሽ። ቤተሰብ «ለዚህ ነው ወይ ያስተማርንሽ?» ይልሻል፤ አንቺም ማታ ማታ ድካሙ እንጂ እርካታው አይታይሽም። «በዚህ ሥራ ደስ ብሎኝ መኖር እችላለሁ ወይስ ልተወው?» ብለሻል።

ለዛሬ አትወስኚ። መጀመሪያ ሥራውንና የምትሠሪበትን ቤት ለያዪያቸው። «ሙያውን ጠላሁት» ከሚለው አስተናጋጅ ብዙው የጠላው የሚሠራበትን ቤት ነው። ደግሞ ነገሩን እዪው፤ ሰርግ ላይ አሳላፊ የሚሆነው የታመነና ቀልጣፋ ሰው ተመርጦ ነው፤ ያው ሥራ በደመወዝ ሲሆን ይናቃል። ይህ የቤተሰብሽ ጥፋት ብቻ አይደለም፣ አገሩ ሁሉ እንዲህ ነው። ንቀቱን ግን በክርክር አትመልሺውም፤ ሥራውን በደንብ በማወቅ ነው የሚቀለው።

የት ላይ እንደሚታወቅ ልንገርሽ። ጎህ ሳይቀድ ከአዲስ አበባ የተነሳ አውቶብስ 130 ኪሎ ሜትር ያህል መጥቶ ለቁርስ እናንተ ጋ ይቆማል። 40 ሰው አንድ ላይ ይገባል። ጀማሪ የሚሳሳተው ከአንዱ ጠረጴዛ ትዕዛዝ ተቀብሎ ወደ ማብሰያ ቤት እየሮጠ ስለሚመለስ ነው፤ ሦስተኛው ጠረጴዛ ጋ ሳይደርስ ጭብጨባው ይጀመራል። አንቺ መጀመሪያ ረዳቱን ስንት ደቂቃ እንደሚቆሙ ጠይቂው። ቀጥለሽ ጠረጴዛዎችሽን በሙሉ አንድ ጊዜ ዙሪ፤ «እንኳን ደህና መጡ፣ የጾም ነው የፍስክ?» ብቻ በይ። የታየ ሰው ይታገሣል፤ የሚያጨበጭበው እንዳላየሽው የመሰለው ነው። ከዚያ ቶሎ የሚወጣውን አቅርቢ፦ ፉል፣ ፍርፍር፣ እንቁላል። ጥብስ የሚል ካለ «እሱ ይቆያል፣ መኪናው እንዳያመልጥዎት» በይው። የአራት ጠረጴዛ ትዕዛዝ በአንድ ጉዞ አስገቢ። ሂሳቡን ከምግቡ ጋር አምጪው፤ ጡሩምባው ሲነፋ ሳይከፍል የሚወጣው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሌባ አይደለም፣ ሂሳብ ስላልደረሰው ነው።

ሻዩን ደግሞ አትዘንጊ። ከተማችሁ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው። ሻዩ ከመነሻው ትኩሳቱ ያነሰ ነው፤ በዚያ ብርድ ባንኮኒው ላይ ሦስት ደቂቃ ከቆመ ለእንግዳው የሚደርሰው ለብ ብሎ ነው። ብርጭቆውን ቀድመሽ በሙቅ ውሃ አለቅልቂው፤ ሻዩንም ከሁሉ መጨረሻ አንሺ። የእጅ ውሃውም ለብ ያለ ይሁን፤ ማስታጠብ ስትጀምሪ ከታላቁ ጀምሪ።

ሦስት ነገር ጠዋት ጠዋት ከወጥ ቤቷ ጠይቀሽ ያዢ፦ ዛሬ የሌለው ምንድን ነው፣ ቶሎ የሚያልቀው የትኛው ነው፣ የጾሙ ድስትና ጭልፋ ከቅቤው ተለይቷል ወይ። እንግዳ ከሩብ ሰዓት በኋላ «አልቋል» ሲባል የሚቆጣው በምግቡ አይደለም፣ በጠፋበት ሰዓት ነው። ረቡዕና ዓርብ፣ ከሁሉም በላይ በሁዳዴው 55 ቀን «ቅቤ ነክቶታል?» ለሚል ሰው «አይመስለኝም» መልስ አይሆንም። ወይ ታውቂያለሽ ወይ ሄደሽ ትጠይቂያለሽ።

ስለ ትሪው አንድ ነገር ብቻ፦ ከባዱን ዕቃ ወደ ሰውነትሽ፣ ቀላሉን ወደ ውጭ። ስታራግፊ ከአንድ ጎን ብቻ አታንሺ፤ ትሪ የሚገለበጠው ሲጫን ሳይሆን ሲራገፍ ነው።

አሁን ወደምትሠሪበት ቤት እንምጣ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ላይ ይገድበዋል፤ በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ ይሰጣል። ከመደበኛው ሰዓት በላይ የተሠራው ትርፍ ሰዓት ቀን ከሆነ አንድ ተኩል እጥፍ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ደግሞ 1.75 እጥፍ ይከፈልበታል። የገንዘብ ጉድለት ብለው ከደመወዝሽ ሲቆርጡም ካንድ ሦስተኛው ማለፍ አይችሉም፤ ያም በሕግ፣ በሥራ ደንብ ወይም በጽሑፍ ስምምነትሽ ካልተደገፈ አይቆረጥም። እጅሽን የሚይዝ ወይም የሚነካካ እንግዳ ካለ ጠረጴዛውን ለሌላ አስተናጋጅ አስተላልፊና ለኃላፊው ንገሪ። «ደንበኛ ነው፣ ቻይው» ከተባልሽ መፍትሔው ትዕግሥት አይደለም፤ ከዚያ ቤት መውጣት ነው።

አካውንቲንግሽ የጠፋ መስሎሻል። አልጠፋም። ሆቴሎች «ኮስት ኮንትሮል» የሚሉት የሥራ ክፍል አለ፤ ከግምጃ ቤት የወጣውን ዕቃ ከተሸጠው ጋር የሚያመሳክር። ለአንድ ስኒ ቡና 8 ግራም ቢሰፈር ከአንድ ኪሎ 125 ስኒ ይወጣል። ካሸሯ ጋ 100 ከተመዘገበ 25 ስኒው የት ገባ? አሰፋፈሩ በዝቶ ነው፣ ፈስሶ ነው ወይስ ሳይመዘገብ ተሰጥቶ? ቢሮ ብቻ ተቀምጦ የሠራ የሂሳብ ሠራተኛ ቁጥሩን ያያል እንጂ ቀዳዳውን አያውቅም፤ አንቺ ቀዳዳው አጠገብ ቆመሻል። ለአንድ ሳምንት የቡናውን ብቻ መዝግበሽ ለባለቤቱ አሳዪው። ባልደረባሽን ለማሳጣት እንዳይመስል ስም አትጥሪ፣ ቁጥር ብቻ።

በሙያው መቆየት ከፈለግሽ ደግሞ የምግብና መጠጥ መስተንግዶ ሥልጠና ወስደሽ የብቃት ምዘና ተፈተኚ፤ ሱፐርቫይዘር ሲመረጥ ልምድ ኖሮት ወረቀት የሌለው ሰው ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ ይቀራል። ወደ አንኮበርና ወደ መንዝ ጓሳ የሚያልፉ የውጭ አገር ጎብኚዎችም አሉ። የአሥር ምግብ አሠራር በእንግሊዝኛ በሁለት በሁለት ዓረፍተ ነገር መናገር ልመጂ፤ በያይነቱ ላይ ያለውን እያንዳንዱን ወጥ ስሙንና ከምን እንደተሠራ።

ለ2 ወር ትንሽ ደብተር ያዢ። በየፈረቃው የሠራሽውን ሰዓት፣ ጉርሻሽን፣ የተቆረጠብሽን፣ ከታች ደግሞ በዚያ ቀን ደህና ያስተናገድሽውን አንድ ጠረጴዛ ጻፊ፤ ምን እንዳደረግሽ ጭምር። የመጨረሻው መስመር በየቀኑ የሚሞላ ሆኖ ገንዘቡና ሰዓቱ ከከፋ ሙያው ተስማምቶሻል፣ ቤት ቀይሪ። ገንዘቡ ደህና ሆኖ ያ መስመር ባዶ ከሆነ ወደ ኮስት ኮንትሮሉ አዘንብዪ። ሁለቱም ባዶ ከሆኑ ሥራ ፍለጋሽን አጠናክሪ፤ ማንም አይፈርድብሽም።

በየትኛውም መንገድ ስትለቂ በቁጣ ጥለሽ አትውጪ። የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ስጪ፣ ቅጂውን ያዢ፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤሽንም ጠይቂ። ደብዳቤው ላይ የሥራ መደብሽ፣ የቆየሽበት ጊዜና የደመወዝሽ መጠን መኖሩን እዚያው ቆመሽ አንብቢ።