«ይማርህ» ለማን፣ «ነፍስ ይማር» ለማን? — የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ አሜሪካ የተወለዱት ልጆቼ ሰው ሲያስነጥስ «ብለስ ዩ» ይላሉ። ታላቂቱ በአማርኛ ልበል ብላ አያቷን «ነፍስ ይማር» አለቻቸው፤ ክፉኛ ደነገጡ። እንዴት ላስረዳት?

መልስ፦ አያቷ ቢደነግጡ አይፈረድባቸውም። ለሚያስነጥስ «ይማርህ»፣ «ይማርሽ» ይባላል፤ ለአያቷ «ይማርዎት»። መላሹ «ያኑርህ»፣ «ያኑርሽ» ይላል። ስሙ ባይጠራም የሚምረውም የሚያኖረውም እግዚአብሔር ነው። ለታመመም «እግዚአብሔር ይማርህ» እንላለን። «ነፍስ» ስትጨመር ግን ጸሎቱ ለሞተ ሰው ይሆናል። ለቅሶ ቤት ሲገባ ለሟቹ «ነፍስ ይማር»፣ ለቤተሰቡ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ነው። ሐዘንተኞቹ ሙስሊሞች ከሆኑ «አላህ ይዘንለት»፣ «ሰብሩን ይስጣችሁ» ይባላል። ልጅቷ ስታነብ «ማ»ን ታላላ፤ ከጠበቀ «ትምህርት ይማር» እንደሚባለው ይሆንባታል።

ጥያቄ፦ ስደነግጥ «እግዚኦ!» ይወጣኛል። ስሙን በከንቱ መጥራት ይሆንብኛል?

መልስ፦ «እግዚእ» በግእዝ ጌታ ነው፤ መጨረሻው ላይ የምትመጣው «ኦ» መጥሪያ ናት። «እግዚኦ» ያለ ሰው «ጌታ ሆይ» ብሎ ቀሪውን በልቡ አስቀርቶታል። ቀሪው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚሰማው ነው፦ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ»፣ ጌታ ክርስቶስ ሆይ ማረን። በሰሙነ ሕማማት እየሰገዱ የሚሉት «ኪርያላይሶን»ም ከግሪክ የመጣ ሲሆን ልመናው ያው ነው፦ አቤቱ ማረን። ስለዚህ በድንጋጤ የሚወጣዎት ቃል ልመና ነው፤ አይስጉ። በዘጸአት 20፥7 የተከለከለው በከንቱ መጥራት ነው፤ ለሁለት ብር ክርክር «እግዚአብሔርን!» ብሎ መማል ይልቅ ያሳስባል።

የፊልም ተርጓሚዎችም ይህን ልብ ይበሉ። ተዋናዩ መኪናው አልነሳ ብሎት «ጂሰስ ክራይስት!» ሲል ንዴቱን መግለጹ ነው። «ኢየሱስ ክርስቶስ!» ተብሎ ሲጻፍ አማርኛ አንባቢ የሚጸልይ ይመስለዋል። «ኤጭ!» ወይም «ምን ጉድ ነው!» ይበቃል።

ጥያቄ፦ «ብሬክ ኤ ሌግ» እና «ጋድ ፎርቢድ» በአማርኛ ምን ይባላሉ?

መልስ፦ የመጀመሪያው መድረክ ሊወጣ ለተዘጋጀ ተዋናይ የሚባል መልካም ምኞት ነው። ቃል በቃል «እግርህን ስበር» ቢሉት እርግማን ይሆናል፤ «ይቅናህ» በሉት። ሁለተኛው «አያድርገው» ነው። «እግዚአብሔር ይከልክል» የሚለው ትርጉም በየቦታው ይታያል፤ ቤት ውስጥ ግን እንዲህ የሚል ሰው የለም።